ለአንድ የሥራ መደብ ሁለት ደብዳቤ

ማስታወቂያው የተለጠፈው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው፤ እትዬ እንፋሎት የሰማችው ግን ከሰዓት በኋላ ነበር። የሆስፒታሉ የሕክምና ዕቃ ማምከኛ ክፍል ምድር ቤት በመሆኑ ወሬ ደረጃውን ወርዶ እዚያ እስኪደርስ ሁልጊዜ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ይዞት የወረደው የቀዶ ጥገና ክፍሉ ተላላኪ ነው። ደም የነካቸው መቀሶችና ወረንጦዎች የሞሉበትን ሳህን በመስኮቱ አሾልኮ አስገባና፣ እንደ ዘበት፣

«እትዬ፣ ሰምተዋል? ሁላችንም እንደ አዲስ ልንወዳደር ነው» አላት።

«በምን?»

«በየራሳችን ሥራ ነዋ!»

«ሂድ ወዲያ! አንተ ደግሞ ቀልድ አይሰለችህም» ብላ ሳህኑን ወደ መታጠቢያው ይዛ ዞረች። ከኋላዋ ሳቅ ስትጠብቅ ሳቅ የለም። ዞር ስትል ሰውዬው መስኮቱን ተደግፎ ጫማውን ያያል።

እትዬ እንፋሎት የወጣላት ስም ነው። በሩን ከፍታ ብቅ ስትል ከእሷ በፊት እንፋሎቱ ስለሚወጣ አንድ የድሮ ዘበኛ የለጠፈባት ስም በዚያው ጸንቶ ቀረ፤ ደመወዝ ከፋይዋ ሳትቀር በእሱ ትጠራታለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ በጽዳት ሠራተኛነት ገብታ ሳለ፣ ያኔ ክፍሉን የምትመራው ነርስ «ይቺ ልጅ ዕቃ አያያዝ ታውቃለች» ብላ ወደ ውስጥ ሳበቻት፤ ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያው ምድር ቤት ናት። ከላይ የሚወርደውን ዕቃ ታጥባለች፣ የመቀሱን መገጣጠሚያ በብሩሽ ትፈትጋለች፣ ወደ ብርሃን አንስታ እያየች ታደርቃለች፣ በድርብ አረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልላ ባለ መስመሩን ፕላስተር ትለጥፋለች፣ ማሽኑ ውስጥ ትደረድራለች። እንፋሎቱ በደንብ ከሠራ የፕላስተሩ መስመር ይጠቁራል። ካልጠቆረ ጥቅሉ ይፈታና ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ቁስሉ ሳያመረቅዝ ድኖ የወጣ በሽተኛ ምድር ቤት ወርዶ «ተባረኪ» ያላት ጊዜ የለም፤ እሷም ጠብቃ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት መነጽሯን አድርጋ ሰሌዳው ፊት ቆመች። አዲስ መዋቅር ጸድቋል፤ ሠራተኛው ሁሉ በያለበት መደብ ከውጭ አመልካቾች ጋር ይወዳደራል፤ ከማመልከቻው ጋር የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ በተጨማሪም «ለመደቡ ብቁ የሚሆኑበትን ምክንያት በራስዎ አገላለጽ የሚያስረዳ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ» ይያያዛል፤ የመጨረሻው ቀን አርብ፣ እስከ ቀትር ብቻ። ጣቷን በሠንጠረዡ ላይ እየጎተተች ማምከኛ ክፍልን ፈለገች። «የሚፈለግ የሰው ብዛት» ከሚለው ሥር «አንድ» ይላል። ተሳስታ እንደሆነ ብላ መስመሩን ደግማ ተከተለችው። አንድ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ እሷና ሚጢ።

ሚጢ ከስድስት ዓመት በፊት በዲፕሎማ ተቀጥራ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ሳቋ ከማሽኑ ድምፅ በላይ የሚሰማ ሴት ናት። የሦስት ዓመት ልጅ አላት፤ ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ አንዴ ከወጣ ለሳምንታት የውሃ ሽታ ነው። ወረንጦን ከወረንጦ መለየት ያስተማረቻት እትዬ ናት። ሚጢ በተራዋ የዕለት መዝገቡን ትይዛለች፤ ብዕር ስትጨብጥ ቃል አያጥራትም። ከላይ ያሉት ነርሶች ጡረታ ለሚወጣ ባልደረባ የመሸኛ ቃል ሲፈልጉ ምድር ቤት ድረስ የሚወርዱት እሷን ብለው ነው። ያን ማክሰኞ ሁለቱም በየተራ ወጥተው ማስታወቂያውን አንብበው ተመለሱ። ስለ ውሃው ሙቀትና ስለ ጨርቁ ብቻ ሲነጋገሩ ዋሉ።

ከሥራ ስትወጣ እትዬ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ወዳለው የጽሕፈት ሥራ ሱቅ ጎራ አለች። ባለቤቱ ጉዳይዋን ሳትጨርስ «ገባኝ፣ ገባኝ» ብሎ ኮምፒውተሩን ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገና ማንበብ ጀመረ።

«ጉዳዩ፦ የሥራ ውድድርን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ አመልካች ከልጅነቴ ጀምሮ ለዚህ ታላቅ ተቋም ያለኝ ፍቅር ወሰን የሌለው በመሆኑ...»

«ቆይ፣ ቆይ። ከልጅነቴ? በልጅነቴ የት አውቄው?»

«አይ እትዬ፣ ይኼ እኮ የሁሉም ነው። ስም ብቻ ነው የምንቀይረው። ዛሬ ብቻ ከእናንተ ግቢ ሃያ ሰው ይዞት ሄዷል።»

«ለሃያውም አንድ ዓይነት?»

«የሚሠራ ነገር ለምን ይነካካል?»

አመስግናው ወጣች። ሃያ አንደኛ ሆና የልጅነት ፍቅሯን ልትመሰክር ፊቷ እሺ አላላትም።

ከዚያ ወደ ልጇ ቤት ሄደች። አማቿ አንድ ድርጅት ውስጥ ሽያጭ ክፍል ነው የሚሠራው፤ ስለ ደብዳቤ የጠየቀው ሰው ካለ ደስታውን አይችለውም። አጠገቧ ቁጭ ብሎ እጁን አፋተገ።

«እማማ፣ ዋናው ነገር ምን መሰልዎት? ራስዎን መሸጥ መቻል አለብዎት።»

እትዬ የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ልጇ ከኩሽና ብቅ ብላ፣ «እናቴን ነው እንዲህ የምትላት?» አለችው።

«ኧረ አነጋገር ነው! የዘመኑ አነጋገር ነው!» ግንባሩን ጠራረገና ስልኩ ላይ ይጽፍ ጀመር። «እሺ... በቡድን መንፈስ የምሠራ፣ በጫና ውስጥ ውጤታማ የሆንኩ...»

«ማን ነው የሚጭንብኝ?»

«ማለቴ፣ ሥራ ሲበዛ፣ እማማ።»

«ሥራ ሲበዛማ ተራውን ይጠብቃል። መቀስ ተቸኩሎ አይታጠብ።»

«እሺ ይኼንን እንተወው። ታላቅ ራዕይ ያለኝ...»

«ልጄ፣ ተወው በቃ። ይቺ ሌላ ሴትዮ ናት» አለችው። አማቿ ቅር አለው፤ እሷም ቅር ስላለው አዘነች።

ቤቷ ገብታ ደብተር ከፈተች። «ሥራዬን በደንብ እሠራለሁ» ብላ ጻፈች። አነበበችው። ውሸት የለበትም። ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሚባል ግን ጠፋት። ሃያ ሦስት ዓመት ምን ስታደርጊ ኖርሽ ቢሏት፣ አጠብኩ፣ ጠቀለልኩ፣ አመከንኩ ነው የምትለው። እሱን ደግሞ ማስታወቂያው ራሱ ጽፎታል። ብዕሩን ስታገላብጥ ቆይታ ያቺኑ አንድ መስመር በቦርሳዋ ይዛት ተኛች።

ረቡዕ ዕለት፣ ማሽኑን ሞልተው በሩን እንደቆለፉ ሚጢ ድንገት ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ ደብዳቤውን ጻፉ?»

እትዬ ደነገጠች። «አንድ መስመር» አለች።

«እስቲ ያምጡት።»

ሰጠቻት። ሚጢ አንብባ ያን ሳቋን ለቀቀችው፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ እትዬም ሳታስበው አብራ ሳቀች። ከሰኞ ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው።

«ማሽኑ እስኪጨርስ አርባ ደቂቃ አለን» አለች ሚጢ፣ አግዳሚው ላይ እየተቀመጠች። «አንድ ነገር ይንገሩኝ። አንድ ቀን ብቻ። እዚህ ቤት ውስጥ ሆኖ የማይረሱት።»

«ምን የማይረሳ ነገር አለ እዚህ?»

«ያስቡ።»

እትዬ ለልጇም ያላወራችውን ጀመረች።

«አሥራ አንድ ዓመት ይሆነዋል። ጥቅሉ ከማሽኑ ወጣ፤ ፕላስተሩ ጠቁሯል፣ ሁሉም ደህና ነው። ሳነሳው ግን ከሥሩ እጄን ቀዘቀዘኝ። እርጥብ ነው።» ሁለቱም ያውቃሉ፤ እርጥብ ጥቅል ቢጠቁርም ንጹሕ አይባልም፤ ጀርም በእርጥብ ጨርቅ ሰርጎ ይገባል። «ላይ በሽተኛው ተኝቶ ዕቃ ይጠብቃሉ። አልሰጥም አልኩ። ሐኪሙ ራሱ ወረደ፤ ያ ቁጡው፣ በኋላ ለቆ የሄደው። በዚያ መስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ ‹ጠቁሮ የለም ወይ! አንቺ ማን ነሽ?› ብሎ ጮኸብኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ? አፌ ተሳሰረ። ጥቅሉን ግን አቅፌው ቆምኩ። ሁለት ሰዓት ዘገየባቸው። በሦስተኛው ቀን ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ።»

«ከዚያስ?»

«በሳምንቱ የጥገና ሠራተኞች መጥተው ማሽኑን ሲፈቱት የበሩ ጎማ ተሰንጥቋል። ቀየሩት፣ ሄዱ። በቃ።»

«ማስጠንቀቂያውንስ አላነሱልዎትም?»

«ማን ያስታውሰዋል?»

ሚጢ ብድግ አለች። «ማለት ፋይልዎ ውስጥ አለ? ዛሬም?»

«ይኖራላ፤ የት ይሄዳል?»

«እሰይ!» ብላ አጨበጨበች። እትዬ ለማስጠንቀቂያ እልል ሲባል አይታ አታውቅም። ሚጢ ያረጀ የመዝገብ ቅጽ ገልብጣ በጀርባው ትጽፍ ጀመር፤ ማሽኑ ሲጮህ ጨርሳለች። እንዲህ ይል ነበር፦

«በግል ማኅደሬ ውስጥ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ታገኛላችሁ፤ እባካችሁ አንብቡት። የተጻፈብኝ እርጥብ ጥቅል ለቀዶ ጥገና አልሰጥም በማለቴ ነው። በሳምንቱ የማሽኑ በር ጎማ ተሰንጥቆ መገኘቱን የጥገና ክፍል መዝገብ ያሳያል። ሐኪሙ እኔ ማን እንደሆንኩ ጠይቀውኝ ነበር፤ ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ጥቅሉን በእጇ ዳስሳ የምታውቅ ሠራተኛ ነኝ። ዛሬም እንደዚያ ያለ ጥቅል ቢገጥመኝ አልሰጥም።»

ከዚያ በታች ስለ ዕለት ሥራዋ አጠር ያለ አንድ አንቀጽ ነበር። እትዬ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይኼ እኔ ነኝ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

«የአንቺስ? አንቺ ጻፍሽ?»

«ነገ እጽፋለሁ። የእኔ ደግሞ ምን ችግር አለው፣ ዲፕሎማው አለ።» ይኼን ብላ ማሽኑን ልትከፍት ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት ከልጁ መዋያ ስልክ ተደወለ፤ ልጁ ትኩሳት ይዞታል። ሚጢ ሽርጧን ጥላ በረረች፤ ቀኑን ሙሉ አልተመለሰችም። እትዬ ደብዳቤዋን በራሷ እጅ ገልብጣ አስገባች፤ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ማኅተም መታችበትና ሳታየው ከክምሩ ላይ ጣለችው።

አርብ ሚጢ ዐይኗ ቀልቶ መጣች። ሥራው ተከምሮ ስለጠበቃት ቀና ሳትል ቆይታ ለቀትር ግማሽ ሰዓት ሲቀር ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። ስትመለስ ትኩስ የታተመ ወረቀት ይዛ ነበር፤ ማስረጃዎቿን ልታያይዝበት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እትዬ ሳህን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ዐይኗ አረፈበት። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ አመልካች ከልጅነቴ ጀምሮ...»

ይኼንን አታስገቢ ልትላት አፏን ከፈተች። ሃያ ደቂቃ አለ። ሁለቱ ቢቀመጡ፣ እሷ ብትነግራት፣ ሚጢ ብትጽፍ ይደርስ ይሆናል፤ ላይደርስም ይችላል። ልናገር፣ አልናገር ስትል ሳህኑን አንስታ ወደ መታጠቢያው ሄደች። ምን እንደያዛት ለራሷም አልገባትም። ሰዓቱን አስባ ነው? ወይስ «አንድ» የሚለው ቁጥር ትዝ ብሏት ነው? ውሃውን ከፍታ ስትዞር ሚጢ ወጥታለች።

ውጤቱ በአሥረኛው ቀን ተለጠፈ። ማምከኛ ክፍል፦ አንደኛ እትዬ፤ ሁለተኛ ከሌላ ክሊኒክ የመጣ የማያውቁት ሰው፤ ሦስተኛ ሚጢ። ሠራተኛው እትዬን ከየአቅጣጫው «እንኳን ደስ ያለዎት» ይላታል፤ ኮሚቴው ደብዳቤዋን ድምፁን ከፍ አድርጎ አንብቦታል ይላታል። እሷ ግን ሽርጧን ሳታወልቅ ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«የኔ ጌታ፣ ስህተት አለ።»

«የምን ስህተት?» አለ ኃላፊው፤ ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ሳበላት። ፋይሉንም አውጥቶ አሳያት። ደብዳቤው ከሠላሳ ነጥብ ነው የሚታረመው። የእሷ ሃያ ስምንት አግኝቷል። የሚጢ ስድስት።

«ስድስት?»

«አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከአርባ ሰው መጣ፤ ኮሚቴው ለሁሉም ስድስት ሰጠ። ምን እናድርግ? ‹በራስዎ አገላለጽ› ብለን ጽፈናል።»

«የእኔን የጻፈችው እሷ ናት።»

ኃላፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ይኼን አልሰማሁም። ከሰማሁ ሁለታችሁንም መሰረዝ ሊኖርብኝ ነው።»

«እንግዲያው እኔ ልተወው። ለእሷ ይሁን።»

«እርስዎ ቢተዉት ለሁለተኛው ነው የሚሰጠው። እሷ ጋ አይደርስም።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«እኔ ብችል...» ብሎ እጁን ዘረጋና ባዶውን መዳፉን አሳያት። የሚያሳዝነው፣ እውነቱን ነበር።

ሚጢ ያን ቀን አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችምም። «ይሁን» ብቻ ነው ያለችው። እትዬ ግን ቁጭ ብላ ማየት አቃታት። ለኮሚቴው አቤት እላለሁ ብላ ተነሣች። ወደ ማን ሄዳ ታስጽፈው? መጻፍ የሚችል የምታውቀው ሰው አንድ ነው፤ እሷ ደግሞ ጉዳዩ የሚመለከታት ራሷ ናት። ሁለት ቀን ስትሰርዝ፣ ስትደልዝ ቆይታ በራሷ እጅ አምስት መስመር ጻፈች፦ «የሥራ ባልደረባዬ ሥራዋን ጠንቅቃ ታውቃለች። ልጅ ታሞባት ነው ለደብዳቤው ጊዜ ያጣችው። ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ ያልደረቀ ጥቅል አሳልፋ አታውቅም። ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ አንድ ሰው አይበቃውም። እባካችሁ እንደገና እዩላት።» ማን ደብዳቤውን እንደጻፈላት ግን አላነሣችም፤ ኃላፊው ያላት ነገር አሁንም በጆሮዋ ነበር።

መልሱ በሁለት ሳምንቱ ወረደ፤ ተላላኪው ነው ያመጣላት። ቅሬታ ማቅረብ የሚችለው ራሱ ተወዳዳሪው መሆኑንና የማቅረቢያው ጊዜም ማለፉን ያስታውቃል። ከታች ማኅተምና ሁለት ፊርማ አለበት። እትዬ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

የሚጢ የመጨረሻ ቀን ርክክብ ነበር። በስሟ የተመዘገበው ዕቃ ሁሉ ወደ እትዬ ስም ይዞራል። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አንጥፈው ዕቃውን በየዓይነቱ ደረደሩት። ሚጢ እየቆጠረች ትጠራለች፣ እትዬ ቅጹ ላይ ምልክት ታደርጋለች።

«መቀስ፣ ቀጥ ያለ፣ ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ሁለት።»

«መቀስ፣ ቆልማማ፣ አሥራ ዘጠኝ።»

እትዬ ምልክቱን አላደረገችም። «ያን አርብ ወረቀቱን አይቼዋለሁ» አለች።

«የቱን ወረቀት?»

«የጽሕፈት ሱቁን። ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሃያ ደቂቃ ነበረን። አይቼ ዝም አልኩሽ።»

ሚጢ እጇ መቀሱ ላይ እንዳለ ቀረ። እትዬ ትሰድበኛለች ብላ ጠበቀች፤ እንድትሰድባትም ፈለገች። ሚጢ ግን መቀሱን ወደ ተቆጠሩት አሻገረችና፣

«ወረንጦ፣ ባለ ጥርስ፣ አሥራ አራት» አለች።

«ሚጢ...»

«አሥራ አራት፣ እትዬ። ምልክት ያድርጉ፤ ልጁን የማነሳበት ሰዓት ደርሷል።»

አደረገች። እስከ መጨረሻዋ መርፌ መያዣ ድረስ ቆጠሩ፤ አንድም አልጎደለም። አስረካቢ በሚለው ላይ ሚጢ ፈረመች፣ ተረካቢ በሚለው ላይ እትዬ። ሚጢ ሽርጧን አጥፋ አግዳሚው ላይ አስቀመጠች፤ እትዬን ጉንጯን ስማ፣ «ጤናዎን ይጠብቁ» ብላ ወጣች። አሳሳሟ እንደ ወትሮው ነበር ወይስ አልነበረም እያለች እትዬ ስንት ጊዜ አስባዋለች።

ከሦስት ወር በኋላ ተላላኪው አንድ ወሬ ይዞ ወረደ፤ ሚጢ ገበያው አጠገብ ካለ የጨርቅ መሸጫ ገብታ ሜትር ይዛ ስትለካ አይቷታል። እትዬ በሳምንቱ የዕረፍት ቀኗ ለልጁ ሹራብ ገዝታ ሄደች። ሱቁን ከመንገዱ ማዶ ለየችው። ሚጢ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ ትዘረጋለች፤ ደንበኛዋ አንድ ነገር ስትላት ሳቀች፤ በመኪናው ጩኸት መሀል ሳቋ አልተሰማም። እትዬ መንገዱን ልትሻገር አንድ እግሯን ከጠርዙ አወረደች። ገብታ ምን ልትላት ነው? መኪና አለፈ፤ ሌላም አለፈ። መንገዱ ባዶ ሲሆንም እዚያው ነበረች። ትንሽ ቆይታ ሹራቡን በብብቷ እንደያዘች በመጣችበት ተመለሰች፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ሄዳ ከዚያው ቦታ ተመለሰች።